ሽምደዳ የማይፈታው ፈተና

በነቀምቴም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ፣ ማለትም ኤምቢኤ፣ ለመማር የሚያስብ ሰው፣ እዚያው ነቀምቴ በሚገኘው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ቢያመለክትም አዲስ አበባ ቢሄድም፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ውጭ አገር የሚያመለክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጂማት የተባለውን የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ይወስዳል።

ጂማት በአሁኑ ቅርጹ 64 ጥያቄዎችን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የሚያስመልስ ሲሆን፣ ሒሳቡ ያለ ካልኩሌተር የሚሠራ ቢሆንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም አይርቅም። ፈታኝ የሚሆነው ስሌቱ ሳይሆን አስተሳሰቡ ነው። ለምሳሌ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ በ20 በመቶ ጨምሮ ተመልሶ በ20 በመቶ ቢቀንስ፣ ብዙ ሰው ወደ መነሻው እንደተመለሰ ይገምታል፤ ሆኖም 100 ብር 120 ሆኖ ወደ 96 ስለሚወርድ በ4 በመቶ ቀንሷል። ይህን ለማወቅ የመነሻው ዋጋ ባይነገርም ይቻላል፤ ቅናሹ ስንት ብር እንደሆነ ለመናገር ግን የግድ መነገር አለበት። የተሰጠው መረጃ ለመልስ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ይህ ጥያቄ የጂማት ዋነኛ መለያ ሲሆን፣ መልሱን ብቻ ማስላት የለመደ ተማሪን ጊዜ ያስበላል።

ስለዚህ ሀንድአውትን ደጋግሞ የማንበብ የግቢ ልማድ እዚህ እምብዛም አይጠቅም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፍን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ቢመስሉም፣ ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በልጠዋቸዋል። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄን መልሱን ሳያዩ መሥራት፣ የተሳሳቱትን በደብተር መዝግቦ ስህተቱ የመጣው ከእውቀት ማነስ፣ ከንባብ ወይስ ከጥድፊያ እንደሆነ መለየት፣ ከዚያም ከጥቂት ቀናት በኋላ ያንኑ ጥያቄ እንደገና መሞከር ነው።

በወለጋ አብዛኛው ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ የሚሸጋገር በመሆኑ፣ የንባብ ፍጥነቱ ከሒሳቡ ባልተናነሰ፣ ምናልባትም በበለጠ፣ ሊታሰብበት ይገባል። ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በየዕለቱ አንብቦ የጸሐፊውን መከራከሪያ በራስ ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ርካሽና ውጤታማ ልምምድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ የልምምድ ጥያቄዎችን አስቀድሞ ማውረድ ወይም ማሳተም ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይሆንም፤ ቢያንስ ጥቂቱን ልምምድ ግን፣ ጂማት በኮምፒውተር የሚሰጥ በመሆኑ፣ በስክሪን ላይ ሰዓት ይዞ መሥራት ያስፈልጋል።