«ኢትዮጵያ» የተሰኘችው መርከብ በዝዋይ ሐይቅ ትንሳፈፍ ነበርን?

የለንደን ተማሪ የጦር መርከብ ለማየት ወደ ቴምዝ ወንዝ መውረድ ይበቃዋል፤ «ቤልፋስት» እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በዚያ በሙዚየምነት ትጎበኛለች። እኛ የአዳማ ልጆችስ?

የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ስሟ ራሱ «ኢትዮጵያ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ውስጥ «ኦርካ» ተብላ ወደ ውኃ የወረደችው፣ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል ነበር። በ1962 ወደ እኛ ተላለፈች፤ ካዴቶችም ሠለጠኑባት። በወፍራም ብረት የታጠረች ግዙፍ ተዋጊ አልነበረችም፤ ቢሆንም የእኛው ናት። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ብትተርፍ ኖሮ ከአዳማ በስተደቡብ ያለው ዝዋይ ይሸከማት ነበርን? እናስላው። ሙሉ ጭነት ስትይዝ 2,750 ቶን ያህል ትመዝን ነበር። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት የምትንሳፈፈው የክብደቷን ያህል ውኃ ስትገፋ ነው። በጨዋማው ቀይ ባሕር 2,680 ሜትር ኩብ ያህል ይበቃታል፤ በዝዋይ ግን ውኃው ቀላል በመሆኑ 2,750 ያህል ያስፈልጋታል። ስለዚህ ጥቂት ዝቅ ትላለች። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከ4 ሜትር በላይ ትጠልቃለች፤ የሐይቁ አማካይ ጥልቀት ደግሞ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። በአብዛኛው ሐይቅ ላይ ጭቃ ይይዛታል።

ይሁንና ጭቃው ባላስከፋን ነበር። ጨው የውኃን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ስለሚጨምር ብረት በባሕር ይበልጥ ይዝጋል። የጃፓኗ «ሚካሳ»ም ዮኮሱካ ላይ በኮንክሪት ተተክላ ነው የምትጎበኘው።