ሁለት ሺህ ሰው በማይሞላት ከተማ የሚደገስ የመጻሕፍት ድግስ

ሄይ ኦን ዋይ በዌልስና በእንግሊዝ ወሰን ላይ፣ በዋይ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 2,000 አይሞላም። ዩኒቨርሲቲ የላትም፤ ባቡርም አይደርስባትም። ድሮ የነበራት የመንገደኞች ባቡር እ.ኤ.አ. በ1962 ማብቂያ ላይ ቀርቷል። ዛሬ ቅርብ የሚባለው ጣቢያ ሄርፎርድ ነው፤ ከዚያ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ወይም በመኪና መሄድ ግድ ነው። እንዲህም ሆና በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት አጋማሹን ካለፈ በኋላ፣ ዓለም የሚያውቃቸው ደራሲያን፣ የታሪክ ምሁራንና ሳይንቲስቶች ይጎርፉባታል። የሚሰበስባቸው የሄይ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ነው፤ ከዐሥር ቀን በላይ ይቆያል። በደራበት ዓመት ከ200,000 በላይ ትኬት ይሸጥበታል። ይህ ቁጥር የትኬት እንጂ የሰው አይደለም፤ አንድ ጎብኚ በቀን ሦስትና አራት ውይይት ሊገባ ይችላል። ቢሆንም ለከተማዋ ስፋት የሚያስደንግጥ ነው።

የሄይ ፌስቲቫል ስሙ ስለገነነ ከተማዋን የመጻሕፍት ከተማ ያደረጋት እሱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጻሕፍቱ ቀድመው ገቡ፤ ፌስቲቫሉ የመጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። እንደ ሄይ እንሁን ብለው የሚነሡ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህን ቅደም ተከተል ይመስለኛል።

መጻሕፍቱን ያስገባው ሪቻርድ ቡዝ የሚባል ሰው ነው። ኦክስፎርድ ተምሮ ወደ አካባቢው የተመለሰው ይህ ወጣት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ የቀድሞ እሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫ ከፈተ። ዘመኑ ለሄይ ደግ አልነበረም። ባቡሩ ቆሟል፤ የገጠሩ ወጣት እንጀራ ፍለጋ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል፤ ባዶ የቀረ ቤት አለ፣ ኪራዩም ርካሽ ነው። ያገለገለ መጽሐፍ የሚነግድ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሰፊና ርካሽ ቦታ ነው። ስለ ንብ ርባታ የተጻፈ የመቶ ዓመት መጽሐፍ ገዢውን እስኪያገኝ ድረስ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ የለንደን ኪራይ ይህን አይታገሥም፣ የሄይ ኪራይ ግን ታገሠ።

ቡዝ ከብሪታኒያም ከአሜሪካም የተዘጉ ቤተ መጻሕፍትን ስብስብ በጅምላ እየገዛ አመጣ። የከተማዋ ሲኒማ ቤት ሳይቀር የመጽሐፍ መደብር ሆነ። እሱ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን የለመዱ ሰዎች እየወጡ የየራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ ከሌላ አገርም ነጋዴ መጣ። አንዱ የጦርነት ታሪክ፣ ሌላው የወንጀል ልብ ወለድ፣ ሌላው ግጥም ብቻ እያለ ተለየ። ይህ መለያየት ለገዢ ጠቃሚ ነው፤ አንዱ ሱቅ ያጣውን ሌላው ዘንድ ሊያገኝ ስለሚችል ሩቅ መንገድ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም። በነጋዴው በኩልም ጎረቤቱ ተፎካካሪው ብቻ ሳይሆን ደንበኛ ጠሪው ሆነለት።

ሰውዬው ነጋዴ ብቻ አልነበረም፤ ቀልደኛም ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1977፣ ፈረንጆች ውሸት በሚቀላለዱበት ዕለት፣ ሄይ ከብሪታኒያ ተገንጥላ ነጻ መንግሥት መሆኗንና እሱ ንጉሥዋ መሆኑን አወጀ። ፈረሱን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ፤ ፓስፖርት አሳትሞ ሸጠ፤ ገንዘብ ለከፈለ የመሳፍንት ማዕረግ ሰጠ። ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ወሬውን ተቀባበሉት፤ ለማስታወቂያ አንዲት ሳንቲም ሳይከፈል የከተማዋ ስም ዓለምን ዞረ። ከቀልዱ በስተጀርባ እውነተኛ ቁጣ ነበረበት፦ ስለ ገጠር ከተሞች ምንም ሳያውቁ የሚወስኑ ቢሮክራቶችን አጥብቆ ይጠላ ነበር። ይህ ራሱን ያነገሠ ሰው በ2004 የብሪታኒያን መንግሥት የክብር ሜዳይ መቀበሉ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። በ2019 ዐረፈ። እሱ ይኖርበት በነበረው አሮጌ ቤተ መንግሥት ግቢ ሻጭ የሌለባቸው የመጽሐፍ መደርደሪያዎች ሜዳ ላይ ቆመው ነበር፤ ገዢው መጽሐፉን መርጦ ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ ይከትት ነበር፣ የሚቆጣጠረው አልነበረም።

ፌስቲቫሉ የተጀመረው በ1988 ነው። ጀማሪዎቹ ወጣቱ ፒተር ፍሎረንስና ወላጆቹ ኖርማንና ሮዳ ፍሎረንስ ናቸው። መነሻ ገንዘቡ ፒተር በፖከር ቁማር ያሸነፈው ነበር ተብሎ ሲወራ ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1989፣ አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት አርተር ሚለር መጣ። ትንሽ ከተማ የምታዘጋጀው ድግስ በሁለተኛ ዓመቱ እንዲህ ያለ እንግዳ ካገኘ ሌላውን ለመጥራት አይቸገርም። በ2001 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ተጋበዘ፤ ፌስቲቫሉን ከታዋቂው የዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ ጋር አመሳስሎ የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ በየጋዜጣው ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ ፖለቲከኛው፣ የቴሌቪዥን ሰው፣ ምግብ አብሳዩ ሁሉ እየመጣ ነው። ለምን ቢባል፣ እነሱም መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ አዳራሽም ይሞላሉ። ገጣሚ ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የገጣሚውን ትንሽ ድንኳን ወጪ የሚሸፍነው የእነዚህ ሰዎች ትልቅ ድንኳን ነው። ለነገሩ ገጣሚም ሕዝብ ይጠራል። እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነች፣ በእንግሊዝ ተወልዶ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው ለምን ሲሳይ ከፌስቲቫሉ መድረክ ከሚታወቁት አንዱ ነው።

አንድ ዝግጅት እንዴት እንደሚካሄድ ልንገራችሁ። እኛ አገር ብዙ አንባቢ የሚያውቀው የመጽሐፍ ምረቃን ነው። የክብር እንግዳ አለ፣ ሐያሲ ጽሑፍ ያቀርባል፣ ወዳጅ ያመሰግናል፣ ክራርና ግጥም ይሰማል፣ ደራሲው በመጨረሻ ጥቂት ይናገራል፤ ሰዓቱም ተለጥጦ ሦስት ይሆናል። ሄይ ላይ አንድ ዝግጅት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክሮፎን፣ አንድ ደራሲ፣ መጽሐፉን በደንብ ያነበበ አንድ ጠያቂ። ሰዓቱ የሚከበረው ከሥነ ሥርዓት ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ድንኳኑ ውስጥ ቀጥሎ የሚገባ ሌላ ትኬት የቆረጠ ሕዝብ ደጅ ተሰልፏል። የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ለአድማጭ ጥያቄ ይተዋል። እዚያም እንደዚህ አገር “ጥያቄ አለኝ” ብሎ ተነሥቶ ንግግር የሚያደርግ አይጠፋም፤ ይህ የመላው ዓለም በሽታ ነው። ከዚያ ደራሲው ወደ መጽሐፍ መደብሩ ድንኳን ሄዶ ይፈርማል። ለአሳታሚው የጉዞው ዋና ፍሬ ይህ ሰልፍ ነው። ደራሲውን ለአንድ ሰዓት ያዳመጠ ሰው፣ መጽሐፉ አጠገቡ ተከምሮ፣ ደራሲው እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጦ ሳለ ሳይገዛ መሄድ ይከብደዋል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ጋዜጣ ብዙ የማይጽፍለት ክፍል ነው። በፌስቲቫሉ መጀመሪያ ላይ የተወሰኑ ቀናት ለተማሪዎች ይሰጣሉ፤ ከዌልስና ከአጎራባች የእንግሊዝ አውራጃዎች የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች በነጻ ይገባሉ። ቤታቸው መጽሐፍ ያልሞላ ልጆች የሚወዱትን መጽሐፍ የጻፈውን ሰው በአካል ያዩታል፤ ይጠይቁታልም። ዋናው ፌስቲቫል የሚውለው የትምህርት ቤቶች አጋማሽ ዕረፍት ላይ ስለሆነ ቤተሰብም ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ ለሕፃናት ብቻ የሚዘጋጀው መርሐ ግብር በራሱ እንደ አንድ ፌስቲቫል ነው።

ከተማዋስ? በእነዚያ ቀናት አልጋ ማግኘት በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ እንደመፈለግ ነው። ነዋሪው ክፍሉን ያከራያል፣ ገበሬው ማሳውን ለድንኳን ይለቃል፣ ራቅ ያሉ መንደሮች ሳይቀሩ ይሞላሉ። ሁሉም ግን በእኩል አይጠቀምም። ፌስቲቫሉ ሲጀመር በከተማዋ ውስጥ ተበትኖ ነበር የሚካሄደው፤ ኋላም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ግቢ ይዞ ቆየ። ሕዝቡ ሲበዛ ከ2005 ጀምሮ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ መስክ ላይ የድንኳን መንደር ተተከለ። ቦታው ሰፋ፤ ነገር ግን ጎብኚው ከመኪና ማቆሚያ ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ መኪናው ሄዶ ያገለገለ መጽሐፍ መደብሮቹን ሳያይ ሊመለስ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። ፌስቲቫሉ የሚሸጠው አዲስ መጽሐፍ፣ ከተማዋ የምትሸጠው አሮጌ መጽሐፍ መሆኑም አለ። ቡዝ ራሱ ለፌስቲቫሉ ጥሩ ዐይን አልነበረውም፤ አንድ ሰው በአሮጌ መጽሐፍ ከተማ ከሠራ በኋላ የአዲስ መጽሐፍ አስተዋዋቂዎች ሲሰፍሩባት ቢከፋው አይፈረድበትም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከትኬት፣ ከመጽሐፍ ሽያጭ፣ ከአባላት መዋጮ፣ ከመንግሥታዊ የባህል ድጋፍና ከስፖንሰር። ድንኳን፣ መብራት፣ ድምፅ፣ ጄኔሬተር፣ የደራሲያን መጓጓዣና ማረፊያ ሁሉም ወጪ ነው፤ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ፣ ዌልስ ውስጥ አይቀርም፣ ጭቃውን የሚያሻግር የእንጨት ወለል ያስፈልጋል። ትኬት ብቻውን ይህን ስለማይችል ስፖንሰር የግድ ይሆናል፤ ከስፖንሰር ጋር ደግሞ ጣጣ አለ። በ2024 የሆነውን ላንሣ። ዋና መቀመጫው ኤዲንብራ የሆነው ቤይሊ ጊፎርድ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በብሪታኒያ የብዙ ሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫሎች ደጋፊ ነበር። የመጽሐፍ ሰዎች የመሠረቱት አንድ የተቃውሞ ቡድን ድርጅቱ በነዳጅ ኩባንያዎችና ከእስራኤል ጋር በተያያዙ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ ያፈሳል ብሎ ዘመቻ ከፈተ። ድርጅቱ በበኩሉ ከነዳጅ ጋር ንክኪ ያለው የደንበኞቹ ገንዘብ 2 በመቶ ብቻ መሆኑንና የገበያው አማካይ 11 በመቶ እንደሆነ ተናገረ። ዘፋኟ ሻርሎት ቸርችና ኮሜዲያኑ ኒሽ ኩማርን የመሳሰሉ እንግዶች ከሄይ ሲቀሩ ፌስቲቫሉ ስፖንሰርነቱን አገደ። በሳምንታት ውስጥ ድርጅቱ ከሌሎቹም የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫሎች ወጣ። አንዱ ወገን ኅሊና አሸነፈ አለ፤ ሌላው ነዳጁ ሳይቀር ፌስቲቫሉ ተጎዳ አለ። እኔ የሁለቱንም ወገን ክርክር ባነብም በቂ መልስ ያላገኘሁለት ነገር፣ የጎደለውን ገንዘብ ማን ይሞላዋል የሚለው ነው።

የደራሲ ክፍያም ያልተፈታ ጉዳይ ነው። በ2016 ልብ ወለድ ጸሐፊው ፊሊፕ ፑልማን ከኦክስፎርድ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል የክብር ደጋፊነት ራሱን አገለለ፤ ምክንያቱ ፌስቲቫሉ ለተናጋሪ ደራሲያን አለመክፈሉ ነበር። ድንኳን ተካዩ፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ ቡና ሻጩ ሁሉም ይከፈለዋል፤ ሕዝቡ ሊያየው የመጣው ሰው ግን አንዳንድ ቦታ ለመጽሐፉ ማስታወቂያ ሆኖለታል ተብሎ በነጻ ይናገራል። ታዋቂ ላልሆነ ደራሲ የሁለት ቀን ጉዞ በመቶ መጽሐፍ ሽያጭ አይካካስም፤ መቶም ላይሸጥ ይችላል።

የሄይን መንገድ የተከተሉ ብዙ ናቸው። በቤልጂየም ሬዱ የምትባል መንደር በ1980ዎቹ የመጻሕፍት መንደር ሆነች። በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ያለችው ዊግታውን፣ ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ከወደቀች በኋላ፣ በ1998 የስኮትላንድ ብሔራዊ የመጻሕፍት ከተማ ተብላ ተሰየመች፤ መደብሮቹ ቀድመው ተከፈቱ፣ ፌስቲቫሉ በማግሥቱ ዓመት ተከተለ። የሄይ ፌስቲቫል ራሱም ወደ ስፔንና ወደ ላቲን አሜሪካ ተሻግሯል፤ በኮሎምቢያዋ ካርታሄና ከ2006 ጀምሮ ይካሄዳል። ከተማዋ ደግሞ በ2007 ከማሊዋ ቲምቡክቱ ጋር እኅትማማች ሆነች፤ አንዷ የታተመ መጽሐፍ፣ ሌላዋ የብዙ መቶ ዓመት የብራናና የወረቀት ጽሑፍ ይዘው።

ብሪታኒያ የምትኖሩ መሄድ ብትፈልጉ ዝርዝሩ ይህ ነው። ወደ መስኩ መግባት በነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለየውይይቱ ነው። መርሐ ግብሩ ከወራት በፊት ይወጣል፣ የታወቁት ስሞች ቶሎ ያልቃሉ፣ በትንንሾቹ ድንኳኖች ግን እስከ መጨረሻው ቀን ቦታ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የተሻለው ጨዋታም እዚያ ነው። ከለንደን ፓዲንግተን ተነሥቶ ሄርፎርድ ለመድረስ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከጣቢያው የፌስቲቫሉ አውቶቡስ አለ። ቦቲ ጫማ ያዙ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ደግሞ ለአሮጌ መጻሕፍት መደብሮቹ ተዉ፤ የኢትዮጵያ ታሪክና የድሮ ተጓዦች ማስታወሻ የሚፈልግ ሰው በጉዞና በአፍሪካ መደርደሪያዎቹ ፊት ጊዜው ሳይታወቀው ሊመሽበት ይችላል። የሜዩን ግርግር የማይወድ በኖቬምበር መጨረሻ የሚደረገውን አነስ ያለ የክረምት ዝግጅት መጠበቅ ይችላል፤ ያኔ አልጋም ይገኛል።