ጀጎል በካሚላ ጊብ ልቦለድ

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ በርካታ የውጭ ጸሐፍትን ስቧል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ በ1855 በከተማዋ 10 ቀናት ያህል ብቻ ቆይቶ መጽሐፍ አሳትሟል። ለንደን ተወልደው ካናዳ ያደጉት ደራሲ ካሚላ ጊብ በበኩላቸው እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ ወደ ሐረር የመጡት ልቦለድ ለመጻፍ ሳይሆን፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ሆነው ለዶክትሬት ጥናት ነበር።

"ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ" የተሰኘው ልቦለዳቸው የታተመው ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2005 ነው። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ምስጢር ነው፤ በሞሮኮ ያደገችው እንግሊዛዊት ሊሊ፣ በሐረር የወደደችው ሐኪም አዚዝ ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ የት እንደደረሰ ሳታውቅ በለንደን ስደተኞች መካከል ወሬውን ለዓመታት ትጠብቃለች።

የመቼቱ ጥንካሬ ከግንቡና ከበሮቹ ይልቅ በግቢው ሕይወት ላይ ይታያል። ሴቶች የሚሠሩበት፣ ጎረቤት የሚገባበት፣ ሕፃናት ቁርዓን የሚቀሩበት ግቢ በቅርብ የታየ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን የተመራማሪዋ ማብራሪያ ታሪኩን ያዘገየዋል።

ልቦለዱ በትውልደ ኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ በ2019 ለፊልም በቅቷል። ተዋናይት ዳኮታ ፋኒንግ ሊሊን ሆና መጫወቷም የሐረር ታሪክ በነጭ ሴት ዓይን መነገሩን በተመለከተ ክርክር አስነስቷል።