የሞባይል ዋጋ የምንከራከረው ከማን ጋር ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ባለፈው ጊዜ ገበያ ወጥታችሁ ማንጎ ስትገዙ ምን ያህል ተከራከራችሁ? የአሶሳ ሰዎች ከሆናችሁ መልሱን አውቀዋለሁ። ማንጎ በየጓሮው በሚያፈራበት ከተማ ሻጯ የጠራችውን ዋጋ እንዳለ ተቀብሎ የሚከፍል የለም። «ቀንሺልኝ» ይባላል፤ «መርቂልኝ» ይባላል፤ ጥቂት እርምጃ ሄድ ተብሎ ይመለሳል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ወገን እየሳቀ ይስማማል። ከዚያው ገበያ ሳንወጣ ግን ስልካችንን ከኪሳችን አውጥተን የቀን ጥቅል እንገዛለን። በዚህ ጊዜ የሚከራከር የለም። ነገም እንገዛለን፤ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። በማንጎ ላይ ያተረፍናትን አሥር ብር ቤት ሳንደርስ ስልክ ይወስዳታል።

ታዲያ በሞባይል ዋጋ መከራከር ይቻላል? ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ የሚካሄድበት ቦታ ግን ብዙዎቻችን ከምናስበው የተለየ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ይህን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በዚያ አብዛኛው ሰው በየወሩ መጨረሻ የስልክ ሂሳብ ይመጣለታል። ሂሳቡ ሲበዛበት ወደ ድርጅቱ ይደውልና «ወደ ሌላው ኩባንያ ልሄድ ነው» ይላል። ድርጅቱም የቆየ ደንበኛ ማጣት እንደሚጎዳው ስለሚያውቅ ቅናሽ ይሰጠዋል። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ሆነው አራትና አምስት መስመር በአንድ ሂሳብ ሲያደርጉም ለእያንዳንዱ መስመር የሚከፈለው ይቀንሳል።

እኔም ይህን ሰምቼ አንድ ቀን ለመሞከር ደፍሬ ነበር። ስልክ ያነሳችው እህት በትዕግሥት አዳመጠችኝና ያሉትን የጥቅል ዓይነቶች አንድ በአንድ አነበበችልኝ። በትሕትና «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ስትለኝ አመስግኜ ዘጋሁት። እርሷ ምን ታድርግ? አብዛኞቻችን አስቀድመን ከፍለን የምንጠቀም ደንበኞች ነን። ውል የለብንም፤ ዕዳም የለብንም። በመደበኛው የዋጋ ዝርዝር ደግሞ አሶሳ ያለው ሰው የሚከፍለው ቦሌ ካለው ሰው ጋር አንድ ነው።

ይህ ማለት ግን ደንበኛው ጉልበት የለውም ማለት አይደለም። ወደ ኋላ መለስ ብለን እንይ። ሞባይል ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ግን፣ መንግሥት ዘርፉን ለሌሎች እንደሚከፍት በተናገረበት ወቅት፣ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ቀነሰ። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገባ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። በ09 ብቻ ይጀምር የነበረው ቁጥራችን በ07 የሚጀምር ጎረቤት አገኘ። ዋጋ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በአንዳንድ አገልግሎቶቹ ላይ ጭማሪ አድርጓል።

እንግዲህ የእኛ «ቀንሺልኝ» ብር የምንሞላበትን ሲም ካርድ መምረጥ ነው። ድምፅ የለውም እንጂ ክርክር ነው።

ዓባይ በመካከል ሲሆን

በክልላችን ለሚኖር ቤተሰብ ስልክ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ካርታውን ተመልከቱ። አሶሳና ካማሺ ከዓባይ በስተ ደቡብ፣ መተከል ደግሞ በስተ ሰሜን ነው። አንድ ክልል እየተባልን፣ ከአሶሳ ተነስቶ ግልገል በለስ ያለ ወንድሙን ሊጠይቅ የሚፈልግ ሰው ረጅም መንገድ መሄድ አለበት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ጉባ በሕዳሴው ግድብ ሥራ ላይ የቆዩ ስንት አባቶች ናቸው ልጆቻቸው ሲያድጉ በስልክ የሰሙት! ዛሬም ባል በአንድ ወረዳ፣ ሚስት በሌላ ወረዳ ተመድበው የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞችን እናውቃለን። ስለዚህ «ስልክ ቀንሱ» የሚለውን ቀላል ምክር እዚህ አልሰጥም። ምክሩ የሚመቸው ሁልጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር ለሚያድሩ ነው።

የምለው ሌላ ነው። ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ስልክ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ግን አስቀድማችሁ ፈትኑ። ኔትወርኩን አደባባይ ላይ ቆማችሁ አትፈትኑት። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በምታወሩበት ክፍል ውስጥ፣ ደግሞም የትዳር ጓደኛችሁ በሚሠራበት ቦታ ፈትኑት። አሶሳ ላይ ጥሩ የሚሠራ መስመር ባላችሁ ገጠር ቀበሌ ሲወርድ ዝም ካለ ርካሽነቱ ምን ይጠቅማችኋል? ጥቅል ስትገዙም ደቂቃው ወደ ሌላው ኩባንያ ቁጥር ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ አንብቡ። ከ09 ወደ 07 ሲደውሉ ጥቅሉ ሳይነካ ዋናው ሂሳብ የተቆረጠባቸውና «ተበላሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። በጣም የምትደዋወሉ ሰዎች አንድ ዓይነት መስመር ላይ ብትሆኑ ይሻላል። ከእናንተ አንዱ ብቻ ገቢ ያለው ከሆነም በ*999# ገብቶ ለሌላው ጥቅል በስጦታ መግዛት እንደሚቻል አትርሱ።

ከበሩ ጀርባ ያለው ቀን መቁጠሪያ

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እርሱ ነው።

ባለቤቴ መተከል የምትኖር እህት አለቻት። ማታ ማታ ይደዋወላሉ። እኔ ታዲያ ወሩ ሃያ ባለ ቁጥር ፊቴን አጨማድዳለሁ። አንድ ምሽት በልጆቻችን ፊት «ደመወዜን ስልክ በላው» አልኳት። እርሷም «እሺ፣ አንድ ወር እንጻፈው» አለችኝ። ከበሩ ጀርባ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ እርሷ በሰማያዊ እኔ በቀይ እስክሪብቶ፣ ለስልክ ያወጣነውን ሁሉ በየቀኑ ለ30 ቀን ጻፍን። እውነቱን ለመናገር በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ማስረጃ ላገኝ ነዋ!

ወሩ ሲያልቅ ደመርነው። በጠቅላላው 1,140 ብር ወጥቷል። የሰማያዊው ድምር 260 ብር ነበር። የቀዩ 880።

እንደገና ደመርኩት። ያው ነው። ከእኔ 880 ውስጥ 600ው በየቀኑ በ20 ብር የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል ነበር፤ በምሳ ሰዓት ቪዲዮ የማይበት። 220ው ጥቅል ካለቀ በኋላ ከዋናው ሂሳብ የሄደና በብድር የወሰድኩት ካርድ ከነአገልግሎት ክፍያው ነው። የቀረችው 60 ብር በየቀኑ ሁለት ሁለት ብር እየሆነች ለአንድ አጭር ቁጥር የምትሄድ ነበረች። አንድ ቀን የመጣ መልእክት ላይ «እሺ» ብዬ መልሼ ኖሮ፣ የዕለት ምክር ሲላክልኝ ከርሟል። ይባስ ብሎ አንዱንም አንብቤው አላውቅም።

ባለቤቴ ምንም አላለችም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። የተናገርኳት በልጆቹ ፊት ስለነበረ ይቅርታ የጠየቅኋትም በልጆቹ ፊት ነው። ታናሹ «አባባ፣ ስልክ የበላው አንተ ነህ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን ልጄ፣ እኔ ነኝ።

እናንተም ሞክሩት፤ ነገር ግን ባላችሁን ወይም ሚስታችሁን ለመያዝ ብላችሁ አትጀምሩት። ሳትጀምሩ በፊት በየራሳችሁ ወረቀት ላይ «የእኔ ይህን ያህል ይሆናል» ብላችሁ ገምቱና እጠፉት። ቀሪ ሂሳባችሁን በ*804# ማታና ጠዋት እዩ። ሌሊት ሳይደወል የቀነሰ ብር ካለ የማታውቁት አገልግሎት እየተቆረጠባችሁ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱ ወደሚመጣበት ያው አጭር ቁጥር «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ በመላክ ይቋረጣል። የኳስ ውጤት፣ የጤና ምክር፣ የዕለት ጥቅስም ሳይቀር በዚህ መንገድ ይመጣል። ጥቅስ ስለሆነ ማቋረጥ ኃጢአት የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል። መጽሐፍ ቅዱሱ መደርደሪያው ላይ አለ፤ በየቀኑም አያስከፍልም።

አልቋረጥም ካለ ወደ ድርጅቱ የደንበኞች መስመር ደውሉና የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። በዚያ ካልተፈታ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ የተጠቃሚዎችን መብት ማስጠበቅ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። አቤቱታ የሚሰማው ቀንና ሰዓት ሲኖረው ነው።

የቀን ጥቅል ወይስ የወር?

የቀን ጥቅል ክፉ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ኢንተርኔት የሚነካ ሰው የወር ጥቅል ቢገዛ ግማሹ ሳይነካ የማለቂያው ቀን ይደርስበታል። እንደ እኔ በየቀኑ የሚገዛ ሰው ግን የወር ጥቅል እየገዛ ነው፤ በሠላሳ ቁራጭ፣ በውድ ዋጋ። በየቀኑ 15 ብር የምታወጡ ከሆነ በወር 450 ብር ነው። በዚያ ብር የሚገኘውን የወር ጥቅል ከ*999# ዝርዝር ላይ ተመልከቱና ሜጋባይቱን አወዳድሩ። ጥቅሎች በየበዓሉና በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ዓምና የሠራው ሂሳብ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው ብላችሁ እንቅልፋችሁን አትሽጡ፤ ሁለት ሳምንት ሞክሬው ጠዋት ጠዋት ከቤተሰቤ ጋር ተጣልቻለሁ።

በስልክ የሚወሰድ ብድር ደግሞ ለብቻው መነጋገር ይፈልጋል። በፊት ብድሩ የካርድ ብቻ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ የገንዘብ ብድርም መስጠት ጀምሯል። ጠቃሚ ነው፤ ለንግድ የሚሮጥ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ማንም ሳያየው፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ የሚወሰድ ብድር ስለሆነ በትዳር ውስጥ የተደበቀ ዕዳ ለመሆን ቀላል ነው። እኛ ቤት አንዳችን ሳንነግር ሌላችን እንዳንበደር ተስማምተናል።

ካርድ የምትለምን ሚስት

በዚያ የጽሑፍ ወር ከብሩ ይልቅ የገረመኝ አንድ ነገር ነበር። ባለቤቴ ከ260 ብሯ ውስጥ አብዛኛውን ያገኘችው ከእኔ ለምና ነው። «ካርድ ሙላልኝ» ትላለች፤ እኔም «ትናንት ሞልቼልሽ የለም እንዴ?» እላለሁ። የእኔን 880 ግን ማን ጠየቀኝ? ሚስኮል አድርጋልኝ ሳልመልስላት የቀረሁባቸው ቀናት፣ «መልሰው ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት የላከችባቸው ሰዓታት ሁሉ ትዝ አሉኝ። እናንተ ባሎች፣ የራሷ ገቢ የሌላት ሚስት እናቷን «እንዴት አደርሽ» ለማለት ፈቃድ የምትጠይቅበት ቤት ውስጥ እየኖራችሁ እንደሆነ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ሴቶችም ገንዘቡን የምትይዙት እናንተ ከሆናችሁ ጥያቄው ለእናንተም ነው።

የተዋዋልነው በአንድ የቅዳሜ ምሽት ቡና ላይ ነው። እኔ በወር ከ500 ብር እንዳላልፍ፤ ለእርሷ ደግሞ 300 ብር ደመወዝ በወጣ ቀን እንዲሰጣት፣ ለማን እንደደወለች ሳትጠየቅ። ከእኔ ሲቀነስ ለእርሷ መጨመሩን ልብ በሉ። መጀመሪያ እኔ ለእርሷ 250 ብዬ ነበር፤ እርሷ 350 አለች። በመጨረሻ 300 ላይ ቆመን ሁለታችንም ሳቅን፤ ልክ እንደ ማንጎው። ከቀድሞው 1,140 ብር 340 ብር ተረፈን፤ እርሱም የልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ሆኗል።

አሁን ማታ ወደ እህቷ ስትደውል ልጆቹን ይዤ ወደ ውጭ እወጣለሁ፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን የቤት ሥራ እንሠራለን። ሳቋ በመስኮት ይሰማናል። ግማሹ ወሬ ስለ እኔ እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ ግን በተስማማነው መሠረት አልጠይቅም።