ጣቴን ትቶ ወዴት አየ?

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ እንጀራዬ ጣት መቀሰር ነው። ቤተ ማርያም በምዕራብ በኩል፣ ከመግቢያው በላይ፣ ሁለት ፈረሰኞች ከዘንዶ ጋር ሲዋጉ ተቀርጸዋል። ድንጋዩ ስለተበላ ካልተጠቆመ አይታይም። ጣቴን ሳነሳ የእንግዳው ዓይን ቃሌን ሳይጠብቅ ወደዚያው ይሄዳል።

የእህቴን ልጅ በአራት ዓመቱ እዚያው አቁሜ ብጠቁም፣ ብጠቁም፣ እሱ የሚያየው ካጠገባችን ከቆሙ እናት ነጠላ ጥለት የተመዘዘችውን ክር ነበር። ጎረቤት ግን ያመሰግነዋል፤ «ዓይን አፋር ነው፣ ጨዋ ልጅ!» በላስታ ታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ ይመረቃል፤ የሚያፈጥ «ዓይን አውጣ» ይባላል። እናቱ ብቻ «ኧረ እኔንም አያየኝም» ትል ነበር። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማነው አዲስ አበባ ይዛው ከሄደች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የገረመኝ የዓይን መከታተያ የሚሉት መሣሪያ ነው። የማይታይ ብርሃን ወደ ልጁ ዓይን ይለቃል። ካሜራው ብሌኑንና ብርሃኑ ዓይን ላይ የሚያበራትን ነጥብ አመሳክሮ፣ ልጁ ከስክሪኑ የቱን እንዳየ በየቅጽበቱ ይመዘግባል። ልጁ ቪዲዮ ከማየት በቀር የሚጠየቀው ነገር የለም።

ያኔ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው አሚ ክሊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ለወጣቶች ፊልም አሳዩ። በፊልሙ አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ወዳለ ሥዕል እየጠቆመ «ይህን ማን ሣለው?» ይላል። ኦቲዝም የሌለበት ተመልካች ዓይን ጣቱን ተከትሎ ሥዕሉ ላይ ያርፋል። ኦቲዝም ያለበት ግን ጣቱን አልተከተለም፤ ቃሉን ከሰማ በኋላ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ተንከራተተ። ሳነበው ቤተ ማርያም ደጃፍ የቆምን መሰለኝ።

ክሊን ከዋረን ጆንስ ጋር በ2013 ያወጣው ደግሞ ስለ ሕፃናት ነው። በኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ልጆች በሁለት ወራቸው እንደ ማንኛውም ሕፃን የሰው ዓይን ያያሉ፤ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ግን ይህ እየቀነሰ ይሄዳል። የስድስት ወር ሕፃን ጨዋነት ገና አልተማረም! የእኛን «ዓይን አፋር» ከዚህ የሚለየው ይኸው ነው፤ ያፈረ ልጅ ዓይኑን ቢሰብርም ሰውየው ዞር ሲል ሰርቆ ያየዋል።

መሣሪያው ግን ፈራጅ አይደለም። አሜሪካ በ2022 ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የኦቲዝም ምርመራን እንዲያግዝ ፈቀደች። በ2023 በወጣው ጥናት ባለሙያዎች ኦቲዝም አለባቸው ካሏቸው 100 ልጆች የለየው 71 ያህሉን ነው።

አሁን ለእህቴ ልጅ መጠቆም ትቻለሁ። ባለፈው ቤተ ጊዮርጊስ ወረድንና የቅዱሱ ፈረስ ኮቴ ወደሚባሉት ጉድጓዶች እጁን ይዤ ወሰድኩት። ጣቶቹን ከተተ፣ አወጣ፣ ደግሞ ከተተ። ከዚያ ፊቴን ሳያይ የእጄን አንጓ ያዘና የእኔንም ጣቶች ጉድጓዱ ውስጥ አስገባቸው።