ሥዕሉ ሠዓሊውን በገሠጸ ጊዜ

ሥዕል ማንበብ ለማይችል ሰው መጽሐፍ መሆኑን ከቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ተምረናል። ፊደል ያልቆጠረች እናት የጻድቃንን ዕረፍትና የኃጥኣንን መከራ በሥዕል አይታ ልብዋ ተነክቶ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች። ይኸው የሥዕል ኃይል በሩቅ አገር በእንግሊዝ ሰዎችን ከስካር ለመመለስ እንዴት እንደ ተሠራበት፥ ይልቁንም ሥዕሉን የሠራውን ሰው ራሱን እንዴት እንደ ገሠጸው ለአንባብያን ልንተርክ ወደድን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የፌዝ ሥዕል እጅግ የተወደደ ነበር። ሠዓሊው የሹማምንቱን አፍንጫ አስረዝሞ፥ ቦርጫቸውን አሳብጦ፥ የተሰወረ ጠባያቸውን በመልካቸው ላይ አውጥቶ ያሳያል። ሥዕሉም በወረቀት ታትሞ በሱቅ መስኮት ይሰቀላል፤ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል፥ የሌለው በመንገድ ላይ ቆሞ አይቶ ይስቃል። ሆኖም የዚህ ጥበብ ሥራ ማሳቅ ብቻ አልነበረም። ዊልያም ሆጋርት የተባለው ሠዓሊ የለንደን ድኾች ጂን በሚባለው ብርቱ አረቄ ሲጠፉ አይቶ በ1751 «የጂን መንገድ» የተሰኘውን ሥዕል አወጣ። በሥዕሉ መካከል አንዲት የሰከረች እናት በደረጃ ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ ሕፃንዋ ከእቅፍዋ አምልጦ ወደ ታች ሲወድቅ እርስዋ አታውቅም። በዚያው ዓመት የአገሩ ምክር ቤት የጂንን ሽያጭ የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ።

ከሆጋርት በኋላ በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው ጆርጅ ክሩክሻንክ በ1792 በለንደን ተወለደ። አባቱ ኢሳክ ደግሞ የፌዝ ሥዕል ሠዓሊ ነበርና ልጁ ሙያውን ከአባቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተማረ። አባትየው በ1811 ገደማ የሞተው ከባልንጀሮቹ ጋር በመጠጥ ሲፎካከር ነው ተብሎ ይነገራል። ልጁ ግን ይህን አይቶ አልታቀበም፤ እርሱም በጐልማሳነቱ ብዙ ዓመት በመጠጥ የታወቀ ሰው ሆነ። እጁ ግን የተባረከ ነበር። አልጋ ወራሹን፥ ኋላም አራተኛው ጆርጅ ተብሎ የነገሠውን፥ በሥዕሉ እጅግ ከማዋረዱ የተነሣ በ1820 ንጉሡን በነውር ሥራ አድርጎ እንዳይስል ተብሎ 100 ፓውንድ ተከፈለው። የቻርልስ ዲከንስን «ኦሊቨር ትዊስት» የተባለውን ልብ ወለድም በሥዕል ያስጌጠ እርሱ ነው።

በ1847፥ ዕድሜው ወደ 55 ሲጠጋ፥ «ጠርሙሱ» የተባለውን የስምንት ሥዕል ተከታታይ ሥራ አሳተመ። የመጀመሪያው ሥዕል የሚያሳየው መጠጥ ቤት አይደለም፤ የደኅና ሠራተኛ ቤት ነው። ምድጃው ይነዳል፥ ልጆቹ ይጫወታሉ፥ ድመቲቱም ከግልገልዋ ጋር ትቦርቃለች። ምሳ ከተበላ በኋላ አባት ጠርሙሱን አወጣና ሚስቱን ጥቂት ብቻ ቅመሺ ብሎ ይጋብዛታል። በሁለተኛው ሥዕል በስካሩ ምክንያት ከሥራው ተባርሮ በምድጃው አጠገብ ፈዝዞ ተቀምጧል፤ ለመጠጥ መግዣ ልብሳቸው በመያዣ ሊሰጥ ይወጣል፤ የከሳችው ድመት ባዶ ሳሕን ትልሳለች። በሦስተኛው የፍርድ አስፈጻሚዎች የቤቱን ዕቃ ያወጣሉ፤ በአራተኛው ቤተ ሰቡ በመንገድ ላይ ይለምናል፤ በአምስተኛው ትንሹ ሕፃን በብርድና በራብ ሞቶ አስከሬን ሳጥኑ በክፍሉ ውስጥ ይታያል፤ በስድስተኛው ባልና ሚስት ይደባደባሉ። በሰባተኛው ባል ሚስቱን በዚያው ጠርሙስ መትቶ ገድሎአታል። በስምንተኛው አባት አእምሮውን ስቶ በእብዶች ቤት ተቀምጧል፤ በመንገድ ላይ ያደጉትና የጠፉት ወንድ ልጁና ሴት ልጁ ቆመው ያዩታል።

አንባቢ ሆይ፥ የሠዓሊውን ማስተዋል ልብ በል። ይህን ሁሉ ጥፋት ወደ ቤት ያስገባው ሌባ ወይም ጠላት አይደለም፤ ሚስቱን የሚወድ ባል ነው፥ ያስገባውም በፍቅር ግብዣ ነው።

ሥዕሉ በአንድ ሺሊንግ ተሽጦ እጅግ ብዙ ሰው ገዛው፤ በዚያው ዓመትም በለንደን ትያትር ቤቶች ተጫወቱት። ነገር ግን ትልቁ ሥራው የታየው በሌላ ስፍራ ነው። ክሩክሻንክ ሥዕሎቹን መጠጥን ለማስተው የቆመ ማኅበር ሊቀ መንበር ለነበረው ለዊልያም ካሽ ወስዶ አሳየው። ካሽም አይቶ ካደነቀ በኋላ፥ የመጠጥን ክፋት ይህን ያህል ያወቀ ሰው ራሱ መጠጣቱን እንዴት አይተውም ሲል ጠየቀው። ሠዓሊው መልስ አጣ። የሳለው ሁሉ በራሱ ላይ ምስክር ሆነበት፤ ከዚያ በኋላ መጠጥን ፈጽሞ ተወ፥ በ1878 እስኪሞትም ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ሌሎችን ሲመክር ኖረ።

በ1848 «የሰካራሙ ልጆች» በተባሉ ሌሎች ስምንት ሥዕሎች ታሪኩን ቀጠለ፤ ወንዱ ልጅ በእስረኞች መርከብ ላይ ይሞታል፥ ልጅቱም ከድልድይ ላይ ራስዋን ወደ ወንዝ ትወረውራለች። በዚህ ጊዜ ወዳጁ ዲከንስ በጋዜጣ ላይ ነቀፌታ ጻፈ። የሥዕሉን ጥበብ ሳይንቅ፥ ስካር ብዙ ምክንያት እንዳለው ተናገረ፤ የሚከረፋ ቤት፥ የከፋ የሥራ ቦታ፥ ብርሃን፥ ንጹሕ አየርና ውኃ ማጣት ድኻውን ወደ መጠጥ እንደሚገፉት፥ ጠርሙሱን ብቻ መክሰስም እንደማይበቃ አስረዳ። እንግዲህ ካሽ ሠዓሊውን ወደ ራሱ እንዲመለከት እንዳደረገው፥ ዲከንስም ድኻውን የሚወቅሰውን ባለጸጋ ወደ ራሱ እንዲመለከት አደረገ።

ክሩክሻንክም ኋላ ባለጸጎችን አልማረም። ከ1860 እስከ 1862 የሠራው «የባኮስ አምልኮ» የተባለው የዘይት ቀለም ሥዕል ወርዱ ከ4 ሜትር ያልፋል። ባኮስ የጥንት ሮማውያን የወይን ጣዖት ነው። በሥዕሉ ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች ይታያሉ፤ በታች በኩል የከበሩ ሰዎች በክርስትና ድግስና በሠርግ ላይ ብርጭቆ ሲያነሡ፥ በላይ በኩል ደግሞ የዚህ ፍጻሜ የሆኑት ወህኒ ቤትና የእብዶች ቤት ተስለዋል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1863 በዊንድዘር ተመልክታዋለች። ሕዝቡ ግን በድኻው ስካር ላይ እንዳለቀሰ በገዛ ድግሱ ላይ ሊያለቅስ አልወደደም፤ ሥዕሉን ለማየት የመጣው ሰው ጥቂት ነበር።

የሠዓሊውን ፍጻሜ ግን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። ክሩክሻንክ በታላቅ ክብር በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀብሮአል፤ ከሞተ በኋላ ግን ከሕጋዊት ሚስቱ ተሰውሮ ከቀድሞ የቤት ሠራተኛው ብዙ ልጆች መውለዱ ታወቀ። በመጠጥ በር ላይ ሠላሳ ዓመት ዘበኛ ሆኖ የቆመ ሰው ሌላውን በር ከፍቶ ተወው። ይህ የሥዕሎቹን እውነት አያፈርስም፤ የስብከት ብዛት ሰባኪውን እንደማያድነው ግን ያስተምራል።

ቤተ ክርስቲያናችን ወይንን ራሱን አትረግምም፤ ጌታ በቃና ሰርግ ውኃውን ወይን ማድረጉን እናነባለንና። የምትገሥጸው ስካርን ነው፤ በጾምም መጠንን ታስተምረናለች። ነገር ግን በክርስትናችን፥ በዝክራችንና በሠርጋችን ላይ የጠገበውን ሰው «በሞቴ፥ አንድ ብቻ» እያልን ብርሌውን ስንሞላለት፥ የምናደርገው በዚያ በመጀመሪያው ሥዕል ያለው ባል ያደረገውን አይደለምን? እንግዳን ማክበር መልካም ነው፤ እምቢ ያለውን ማስገደድ ግን ክብር አይደለም።

አባትም ጽዋ በእጁ ይዞ ልጁን ከመጠጥ ቢከለክል፥ ልጁ የሚማረው ከምላሱ ሳይሆን ከእጁ ነው። የጆርጅ ክሩክሻንክ አባት ለልጁ ሁለት ነገር አወረሰው፤ የሥዕል ብሩሽንና ጽዋን። ልጁም ሁለተኛውን ለመጣል እስከ 55 ዓመቱ ቆየ። እኛስ ለልጆቻችን የምናወርሰው የትኛውን ነው? መልሱን ለሌላ ሰው ከማቅረባችን በፊት፥ እያንዳንዳችን በቤታችን ማዕድ ፊት ቆመን ራሳችንን እንጠይቅ።