ለልጃችሁ ምን ቋጠራችሁለት?

ነገ ጠዋት የልጃችሁን ምሳ ዕቃ ስትከፍቱ ምን ልትጨምሩበት አስባችኋል? ብዙዎቻችን ይህ ጥያቄ ትዝ የሚለን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ አንዱ ልጅ ካልሲው ጠፍቶበት ሌላው ደብተሩን ሲፈልግ ነው። በዚያን ሰዓት እጃችን ወደ ብስኩት ይሄዳል። ብስኩት ስኳሩና የተፈተገ ዱቄቱ ይበዛል፤ ልጁን ለጥቂት ጊዜ ያነቃውና ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መልሶ ያስርበዋል። ስለ ብስኩት ይህ ይበቃል። ከዚያ የሚከብድ ነገር አለና።

ነገሩን በአዲ አርቃይ እንመልከተው። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሽሬ የሚያልፈው መንገድ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲ አርቃይ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ደባርቅ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ቁልቁለቱን ሲጨርስ ማውለቁ አይቀርም። ለምሳ ዕቃ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የተቋጠረ እንቁላል ፍርፍር 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሲከፈት ያንን ልክ ከእጥፍ በላይ አልፎታል፤ በዚያ ላይ ቆላ ነው። ወተትማ በሙቀት ቶሎ ይቆመጥጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በሰሜን ጎንደር የወንጌል አማኝ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ጓደኞቹ የኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው፤ የሙስሊም ልጆችም አሉ። በእኛ አገር ደግሞ ምሳ ዕቃ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ክዳኑን ከፍተው አንድ ላይ ያደርጉታል፣ ይጎራረሳሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ እዚያ ገበታ ላይ እንቁላል ወይም ቅቤ የገባበት ፍርፍር ይዞ የቀረበ ልጅ ምን ይገጥመዋል? ወይ ጥግ ይዞ ለብቻው ይበላል፣ ወይ «ጴንጤ» ተብሎ ይሳቅበታል፣ ወይም ጓደኛው ሳያውቅ ይጎርስና በኋላ ሲነገረው ያለቅሳል። ሦስተኛው ከሁለቱ ይብሳል ባይ ነኝ፤ የሌላውን ልጅ ሕሊና ያቆስላልና።

በዚህ ነገር ባልና ሚስት የማይስማሙበት ቤት ብዙ ነው። አንዱ «እኛ ነጻ ነን፣ ለምን እንደበቃለን?» ይላል፤ ሌላው «ልጄ ለብቻው እንዲበላ አልፈልግም» ይላል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 14 ለሁለቱም መልስ አለው። ምግብ በራሱ ርኩስ እንዳልሆነ ያምናል፤ በመብል ምክንያት ግን ወንድም እንዳይሰናከል ይለምናል። ነጻነቱን አዋቂዎች በራሳችን ገበታ ላይ እንኑረው። በስምንት ዓመት ልጅ ምሳ ዕቃ ቋጥረን ልከን እርሱ እንዲመሰክርልን ማድረግ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንግዲህ ሙቀቱም ጎረቤቱም የሚሉን አንድ ነው። እንቁላሉንና ወተቱን ቁርስ ላይ ወይም ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ትኩስ እንዳለ ስጡት። ያለ እነርሱ ልጅ አያድግም የሚል ስጋት ካላችሁ፣ ቤት ውስጥ እያገኛቸው ነው። ምሳ ዕቃው ውስጥ ከማንም ጋር የሚበላውን ቋጥሩ። ሥጋም ቢሆን የሙስሊም ጓደኛው አይነካውምና ለቤት ይቆይ። ልጃችሁ «እኔም እጾማለሁ» ብሎ እንዲዋሽ ግን አታስተምሩት። አንድ ቀን እንቁላል ከያዘም ከመጉረሱ በፊት «ይሄ የፍስክ ነው» ማለትን ይልመድ።

ምን እንቋጥር ለሚለው አያቶቻችን አስቀድመው መልሰውታል። ሊማሊሞን በእግርና በበቅሎ የሚወጣ መንገደኛ ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ ደረቅ ስለሆነ አይበላሽም፣ ቀላል ስለሆነ አይከብድም። የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር ሲቀላቀል እህሉ የጎደለውን ፕሮቲን ጥራጥሬው ይሞላለታል። (ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቆሎና ለውዝ ሊያንቃቸው ይችላልና ይቅርባቸው።) በሶውን በጥቂት ዘይትና ማር ጭብጦ አድርጋችሁ በትንንሹ አድቦልቡሉት፤ ልጆች እንደ ከረሜላ ይሻሙበታል። ዳጉሳ ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም ከበለጸጉት አንዱ ነው፤ ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ጥሩ ቂጣ ይወጣዋል።

እንጀራም ይቋጠር። ወፈር ያለ ሽሮ ቀብታችሁ ጠቅልሉና በጣት ልክ ቆራርጡት፤ እጅ ሳያቆሽሽ ይበላል። ሽሮና ቅቅል ድንች የበሰሉ ናቸውና የዚያኑ ጠዋት ይሠሩ፣ እንፋሎታቸው ሳይወጣ አይከደኑ፣ ከሰዓት በኋላም አይቆዩ። አጠገባቸው ግማሽ ብርቱካን ወይም ጥቂት ቲማቲም አድርጉ። በጤፍና በምስር ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ የሚወስደው ቪታሚን ሲ አብሮት ሲገባ ነው። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ስለዚህ በኮዳው ሻይ ሳይሆን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን።

ሌላም ልጅ አለ፤ ምንም ሳይዝ የሚመጣው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም አለ፤ ምገባ በሌለበት ግን ባዶ እጁን የመጣው ልጅ በእረፍት ሰዓት የሚሄድበትን አያጣም፤ ሜዳ ሄዶ ኳስ የሚጫወት ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ደባርቅና ዳባት ተፈናቅሎ ነበር፤ ጎተራው የተራቆተበት ቤት ቶሎ አያገግምም። ልጃችሁን «ከጓደኞችህ ያልያዘ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካለ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት ጥቅልል እንጀራ ጨምሩ፤ «ለእገሌ ስጠው» ሳትሉ፣ እንዲሁ በአንዱ ምሳ ዕቃ ውስጥ። ስሙ ተጠርቶ የተሰጠው ልጅ በማግስቱ አይቀርብም።

ለጠዋቱ ግርግር መፍትሔው ቅዳሜ ነው። ዳቦ ቆሎ ለሳምንት ይሠራል። ዱቄቱን በጨው፣ በዘይትና በትንሽ በርበሬ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት፤ በርበሬ የማይወድ ልጅ ካለ ስኳርና ሰሊጥ ይሁን። ማድቦልቦሉንና መቁረጡን ለልጆቹ ስጧቸው፤ የስማቸውን ፊደል እየሠሩ ቢጫወቱበትም ምጣዱ አይቆጣም። አባቶችም ምጣዱ አጠገብ ቁሙ፤ ሳይቋረጥ መቆላት ስላለበት ክንድ ያደክማል። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ አስቀምጡት። ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የሚቀራችሁ ካልሲውን መፈለግ ብቻ ነው።